ካርታና ኮምፓስ ይዞ መንገድን መፈለግ
ለጐልማሶችም የተገባ ስፖርት

ሰው ዕድሜው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት ሲያልፍ አዲስ ጨዋታ ለመጀመር ያፍራል። ኳሱ ለወጣቶች፣ ሩጫው ለፈጣኖች፣ ዋናውም በልጅነታቸው ለተማሩት ብቻ የተሰጠ ይመስለዋል። ነገር ግን በቢሮ ወንበር ላይ ብዙ ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ሰውነቱ መንቀሳቀስን፣ አእምሮውም ከመዝገብና ከደብዳቤ ሌላ የሚያስብበትን ነገር ይሻል። እነዚህን ሁለቱን ባንድነት ከሚሰጡት ስፖርቶች አንዱ በስዊድንና በኖርዌይ የተወለደው ኦሪየንቲሪንግ ነው፤ ይኸውም ካርታና ኮምፓስ ይዞ በማያውቁት ደን ውስጥ መንገድን እየፈለጉ የመሄድ ጨዋታ ነው። ስሙ የመጣው «ምሥራቅ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። ፀሐይ የምትወጣበትን ያወቀ ሰው የቀሩትን ሦስቱን ማዕዘናት ለማወቅ አይቸገርምና ስያሜው የተገባ ነው።

ነገሩ መጀመሪያ የወታደሮች ትምህርት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሁለቱ አገሮች መኮንኖች ወታደሮቻቸውን በዚህ መንገድ ያሠለጥኑ ነበር። በ1897 ደግሞ በኖርዌይ ሕዝብ የሚካፈልበት ውድድር ተደረገ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያም ሻለቃ ኤርንስት ኪላንደር የተባሉ ስዊድናዊ፣ የስቶክሆልም የአትሌቲክስ ማኅበር መሪ ሳሉ፣ ወጣቶች የመሮጫውን ሜዳ እየተዉ መሄዳቸውን ተመልክተው ውድድሩን ወደ ደን ለመውሰድ ዐሰቡ። በ1919 በስቶክሆልም አጠገብ በናካ ባዘጋጁት ውድድር 200 ያህል ሰዎች ስለ ተካፈሉበት፣ እስከ ዛሬ የስፖርቱ አባት እየተባሉ ይጠራሉ። በ1961 የ10 አገሮች ማኅበሮች በኮፐንሃገን ተሰብስበው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አቋቋሙ፤ በ1966ም የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በፊንላንድ ተደረገ።

የጨዋታው ሥርዓት አስቸጋሪ አይደለም። በካርታው ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት መነሻውን፣ ቍጥር የተጻፈባቸው ክቦች በተራ የሚጐበኙትን ጣቢያዎች፣ ድርብ ክብ ደግሞ መድረሻውን ያሳያሉ። በየጣቢያው ነጭና ብርቱካን ቀለም ያለው ሰንደቅ ተሰቅሎ ይገኛል። ተጫዋቹ በዚያ ማለፉን ቀድሞ ወረቀት በመብሳት ያስመሰክር ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ውድድሮች በጣቱ ላይ የሚያስረው ትንሽ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይመዘግብለታል። በአንዱና በሁለተኛው ጣቢያ መካከል የታዘዘ መንገድ የለም። ኰረብታውን ወጥቶ መውረድ ወይስ በቀላሉ ጎዳና ዞሮ መምጣት እንደሚሻል የሚፈርደው ራሱ ተጫዋቹ ነው። ስለዚህ እግሩ ፈጣን የሆነ ሁሉ አሸናፊ አይሆንም።

ካርታው ብዙ ጊዜ በ1፡10,000 ወይም በ1፡15,000 መጠን የተሠራ ነው። በፊተኛው መጠን 1 ሴንቲሜትር በምድር ላይ 100 ሜትር ማለት ነው። ሰማያዊው ውሃን፣ ቡናማው መስመር የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ፣ ጥቁሩ ድንጋይንና የሰው እጅ የሠራውን ያመለክታል። ጀማሪውን የሚያሳስተው ነጩ ቀለም ነው፤ ባዶ መሬት ይመስለዋልና። ነጩ ግን ያለ ችግር የሚሮጡበት ደን ሲሆን፣ ገላጣው መሬት ቢጫ፣ ጥቅጥቅ ያለው ዱር አረንጓዴ ነው።

ጀማሪ ሊማር የሚገባው የመጀመሪያው ነገር በዞረ ቍጥር ካርታውንም አብሮ ማዞር ነው፤ የካርታው ሰሜን ዘወትር ከምድሩ ሰሜን ጋር መስማማት አለበት። ሁለተኛው፣ እንደ ጎዳና፣ እንደ ጅረት፣ እንደ አጥር ያለ የማይጠፋ መስመር ተከትሎ መሄድ ነው። ሦስተኛው ብልኀት ለሰሚው እንግዳ ይመስላል። ጣቢያው በጅረት ዳር ቢሆን፣ በቀጥታ ወደ እርሱ ያመራ ሰው ጅረቱ ላይ ደርሶ ጣቢያውን ቢያጣ፣ ወደ ቀኝ ይሂድ ወደ ግራ አያውቅም። ብልኁ ግን ሆን ብሎ ከጣቢያው ጥቂት ወደ ግራ ያመራል፤ ከጅረቱ ሲደርስ ወደ ቀኝ ብቻ ይታጠፋል። ዐውቆ ጥቂት መሳት ሳያውቁ ብዙ ከመሳት ያድናል።

ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ግን መቆም ነው። መንገዱ የጠፋበት ሰው ልቡ ይደነግጣል፤ ድንጋጤውም እንዲሮጥ ያስገድደዋል፤ በሮጠም መጠን ይበልጥ ይጠፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው ነው። መድኀኒቱ ቆሞ «የት እንዳለሁ አላውቅም» ማለትና በርግጥ ወደሚያውቁት የመጨረሻ ቦታ መመለስ ነው። ይህ ለልጅ ቀላል ነው። ቃሉ በሚከበርለት፣ ትእዛዙ በሚፈጸምለት ጐልማሳ ላይ ግን እጅግ ይከብዳል፤ ዛፉና ገደሉ ማዕርጉን አያውቁለትምና። ይህን ያለ ሐፍረት ማለትን በደን የተማረ ሰው፣ በሥራውም ላይ አሳስቶ ከመፍረድ አስቀድሞ ቆሞ መጠየቅን ይለምዳል። ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ በየመታጠፊያው «ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ» እያለ ስለሚመራን አቅጣጫን የማወቅ ችሎታችን ሥራ ፈት ሆኖአል። በውድድር ላይ ግን ስልክን መንገድ መሪ ማድረግ ክልክል ነው።

ስፖርቱ ለቤተ ሰብም ይስማማል። መንገዶቹ በችግራቸው መጠን የተከፋፈሉ ስለ ሆኑ ልጁ ቀላሉን፣ አባትና እናት መካከለኛውን ሊይዙ ይችላሉ፤ ሮጦ የማይችልም ይራመዳል። በአንጋፋዎች የዓለም ውድድር ክፍሎቹ ከ35 ዓመት ጀምሮ በየ5 ዓመቱ እየተለዩ ከ80 ዓመት በላይ ላሉት ሳይቀር ቦታ አላቸው። ከ1965 ጀምሮ በስዊድን የሚደረገው ኦሪንገን የተባለው የ5 ቀን ውድድር በብዙ ዓመታት ከ10,000 በላይ ሰዎችን ሰብስቧል።

ለመጀመር ጠንካራ ጫማ፣ ረዥም ሱሪ፣ ኮምፓስና ለአደጋ ጊዜ የሚነፋ ፊሽካ ይበቃል። አንድ ሕግ ግን ከቶ አይዘነጋም፤ ውድድሩን ያቋረጠ ሰው እንኳ ወደ መድረሻው ሄዶ መመለሱን ማስታወቅ አለበት። ዝም ብሎ ወደ ቤቱ የሄደ እንደ ሆነ ሌሎች በጨለማ ደኑን ሲፈልጉት ያድራሉ።

ይህ ማኅበር በሌለበት አገር የሚኖር አንባቢም ቢሆን የአካባቢውን የወረቀት ካርታ ይዞ፣ አንድ ጓደኛ አስከትሎ፣ በሚያውቀው ኰረብታ ላይ በቀን ብርሃን ሊለማመድ ይችላል። ጅረቱን በካርታው ላይ ካለው ሰማያዊ መስመር፣ ጉብታውንም ከቡናማው መስመር ጋር አስተያይቶ ማወቅ የጀመረ ዕለት፣ ብዙ ጊዜ የተመላለሰበትን አገር ገና ያን ጊዜ እንዳየው ይገባዋል።