የደም ስኳርን መለካት ብቻ ሳይሆን ውጤቱን በትክክል ማንበብም ያሻል

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በአካባቢው ከተሞች የሚኖሩ የስኳር ሕሙማን የደም ስኳራቸውን በየጊዜው መከታተላቸው ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና የእግር ነርቭን ከጉዳት ለመጠበቅ ያስችላል። ይሁንና የተለካው ቁጥር በተሳሳተ መንገድ ከተነበበ ክትትሉ ራሱ አደጋ ሊያስከትል ይችላል።

ከሐዲያና ከከምባታ በርካታ ወገኖች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ለቤተሰብ መለኪያ መሣሪያ የሚልኩ ከሆነ የመለኪያ አሃዱ ልዩነት መታወቅ አለበት። በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት የደም ስኳር የሚገለጸው በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲሆን፣ በደቡብ አፍሪካ ግን በሚሊ ሞል በሊትር ነው።

በዚህም መሠረት ከዚያ የመጣ መሣሪያ "15" ቢያሳይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 270 ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሕመምተኛ ስኳሩ እጅግ የወረደ መስሎት ጣፋጭ ቢወስድ ሕመሙን ያባብሳል። ቁጥሩን በ18 በማባዛት ወደ ተለመደው አሃድ መቀየር ይቻላል። የመለኪያው ስትሪፕ ከመሣሪያው ዓይነት ጋር ብቻ የሚሠራ በመሆኑም በአካባቢው መገኘቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ለአብዛኞቹ አዋቂ ሕሙማን የሚመከረው መጠን ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ምግብ ከተጀመረ ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ግን ሐኪሙ የተለየ ግብ ሊያስቀምጥ ይችላል።

በሆሳዕና የሚገኘውን የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልን በመሳሰሉ ተቋማት ክትትል የሚያደርግ ሕመምተኛ በቀጠሮው ዕለት በባዶ ሆድ የሚለካው ውጤት የዚያን ጠዋት ሁኔታ ብቻ ያሳያል። ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወራት አማካይ መጠን የሚያመለክተው ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ የተባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ሲሆን፣ ለብዙዎች ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው። የደም ማነስ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ውጤቱ ሊዛባ ስለሚችል ይህንኑ ለሐኪሙ ማሳወቅ ይኖርበታል።

የሽንት ምርመራ በአንጻሩ ስኳርን የሚያሳየው በአብዛኛው የደሙ መጠን 180 ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። የስኳር መውረድን ጨርሶ አያመለክትም። ከቆዳ ሥር ተተክሎ ቀን ከሌት የሚለካው አዲሱ መሣሪያ የተሻለ መረጃ ቢሰጥም ዋጋው ከፍተኛ ነው።

በጣት የሚለካ ሰው አስቀድሞ እጁን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ አለበት። ማንጎ ወይም ብርቱካን የነካ ጣት ውጤቱን ከእውነተኛው በላይ ያደርገዋል። የጣትን ጫፍ መሐል ሳይሆን ጎኑን መውጋት ሕመሙን ይቀንሳል። ስትሪፕን ከእርጥበትና ከሙቀት መጠበቅ፣ የአገልግሎት ጊዜውን ማየትና መውጊያን ከሌላ ሰው ጋር አለመጋራትም ያስፈልጋል።

ከእንሰት የሚገኘው ቡላ በአብዛኛው ስታርች በመሆኑ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። በመሆኑም በያሆዴ በዓል አተካና የሚመገብ ሕመምተኛ ከመብላቱ በፊትና ከ2 ሰዓት በኋላ ቢለካ ለእርሱ የሚስማማውን መጠን ሊያውቅ ይችላል።

ኢንሱሊን የሚወስድ የመንግሥት ሠራተኛ ለመስክ ሥራ ሲወጣ ወይም ስብሰባ ሲራዘም የምግብ ሰዓቱ ሊያልፍ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ከታየበትና ልኬቱ ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ገደማ ስኳር፣ ማለትም 3 የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በውሃ በጥብጦ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ይኖርበታል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም ሳይሰጥ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። የሥራ ኃላፊዎች ለሠራተኛው የምግብና የመለኪያ ጊዜ መፍቀዳቸው ይህን መሰሉን አደጋ ለመከላከል ያግዛል።

ልኬቶችን ከቀንና ከሰዓት ጋር በደብተር መዝግቦ በቀጠሮ ዕለት ይዞ መቅረብም ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን በአግባቡ እንዲወስን ይረዳዋል።