ተጨማሪ መረጃ፦ መሬት ካልተሸጠ ጨረታው የምን ነው?

ተማሪዎች፣ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ታዲያ በከተማ ቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው ባዶ ቦታ ከየት ያገኛል? አንዱ መንገድ የሊዝ ጨረታ ነው። ሊዝ ማለት የከተማ ቦታን ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት በውል የሚገኝበት ሥርዓት ነው። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት የወሰነው ዘመን 99 ዓመት ነው።

ተጫራቹ ለአንድ ካሬ ሜትር የሚሰጠውን ዋጋ ሞልቶ ሰነዱን በፖስታ አሽጎ ያስገባል። ዋጋው ከሊዝ መነሻ ዋጋ፣ ማለትም አስተዳደሩ አስቀድሞ ካወጣው ዝቅተኛ ዋጋ፣ ማነስ የለበትም። አሸናፊው ሲለይ በቅድሚያ እከፍላለሁ ያለው መጠንም አብሮ ይታያል። በአዋጁ መሠረት ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶ ነው፤ ቀሪው ከነወለዱ በየዓመቱ ይከፈላል።

ለምሳሌ ለ150 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ 4,000 ብር ቢቀርብ፣ ጠቅላላው 600,000 ብር፣ ዝቅተኛው ቅድመ ክፍያ ደግሞ 60,000 ብር ይሆናል። የግንባታው ወጪ ገና አልተቆጠረም!

ሞክሩ፦ ከጋዜጣ አንድ የሊዝ ጨረታ ማስታወቂያ ፈልጉ። የቦታውን ስፋት በመነሻ ዋጋው አባዙና ዝቅተኛውን ቅድመ ክፍያ አስሉ።