ዓረብ አገር ሆነን የአገሬውን ጋዜጣ ከየት እናገኛለን? እንዴትስ እናነባለን?



ከወግዲና ከመካነ ሰላም አካባቢ ዘመድ ወደ ሳዑዲ ያልሄደበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። እዚያ ያሉ እህቶችና ወንድሞች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፤ «ወሬው ሁሉ በድምፅ መልእክት ነው የሚደርሰን፣ እውነቱን ከየት እናንብብ?» የሚል። ዛሬ የምናውቀውን ያህል እንመልሳለን።

አስቀድመን በ2009 የሆነውን እናንሳ። ሳዑዲ የመኖሪያና የሥራ ሕግ የጣሱ የውጭ ዜጎች ያለ ቅጣት እንዲወጡ የሰጠችው የ90 ቀን ምሕረት የጀመረው በዚያ ዓመት መጋቢት 20 ነው፤ በሂጅራ ረጀብ 1፣ 1438። በሐበሻው መካከል የሚዞረው ወሬ ግን «አሻራ የሰጠ ዳግም አይገባም» የሚል ነበር። ኢቃማ ሳይኖራት በሰው ቤት ትሠራ የነበረች አንዲት የአካባቢያችን እህት ይህን ሰምታ ሁለት ወር ሙሉ ፈርታ ተቀመጠች። አንድ ማታ የቤቱ ሰዎች እራት በልተው ሲነሱ ለሱፍራ የተነጠፈውን ጋዜጣ ስትሰበስብ «በስመት ሙረሐል» የሚል ጽሑፍ ዓይኗ ገባ። (የአላህ ስም ሊኖርበት የሚችል ወረቀት ለሱፍራ ባይውል ይሻል ነበር፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።) በልጅነቷ አባቷ ዘንድ ቁርኣን ቀርታለችና ፊደሉን አወቀችው። ጋዜጣውን አጣጥፋ ይዛ የጎረቤት ሾፌር አስነበበች። የተጻፈው የወሬው ተቃራኒ ነበር፤ በምሕረቱ ጊዜ የሚወጡ ሰዎች ከተባራሪ አሻራ ነፃ ናቸው፣ በሕጋዊ መንገድ ተመልሰው መግባትም ይችላሉ ይላል። ረመዳን ሳይወጣ አገሯ ገባች፤ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ በፊት በ2006 የሆነውማ የሚረሳ አይደለም። የምሕረቱ ጊዜ በመጀመሪያ ሦስት ወር ነበር፤ ኋላ እስከ ሂጅራ 1434 ማብቂያ፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 24 ተራዘመ። በማግስቱ አፈሳው ተጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ቀኑን ያወቀ ሁሉ ይድን ነበር አንልም፤ ወረቀቱን የሚያስተካክልለት ከፊል ያጣ ብዙ ነበር። ቀኑን ሳያውቅ የታፈሰም ግን ነበር።

ጋዜጣው ሩቅ አይደለም። በዓረብኛ ከጂዳ የሚወጣው ዑካዝ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ያለ ነው፤ አር-ሪያድና አል-መዲናም አሉ። ሕግና ድንጋጌ በይፋ የሚታተምበት ግን ኡሙል ቁራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 መካ ላይ የተጀመረ ሲሆን እንደኛ ነጋሪት ጋዜጣ ማለት ነው። እንግሊዝኛ የሚቀለው ሰው አረብ ኒውስን ወይም ሳዑዲ ጋዜትን ያንብብ። ኢማራት ላሉ ገልፍ ኒውስና ኸሊጅ ታይምስ፣ ቤይሩት ላሉ ደግሞ አን-ነሃር አለ። ዱሮ በየበቃላው በር ላይ ይደረደሩ ነበር፤ አሁን አብዛኛው ሰው በስልኩ ነው የሚያነበው፣ ከቤት መውጣት ለማይፈቀድላት እህት ደግሞ ይህ ይሻላታል። ሕንዶችና ፓኪስታኖች በዚህ ቀድመውናል፤ ከጂዳ በኡርዱ ኡርዱ ኒውስ፣ በማላያላም ማላያላም ኒውስ ይታተምላቸው ነበር። በአማርኛ እንዲህ ያለ ዕለታዊ ጋዜጣ አላየንም፣ የእኛ ሰው ቁጥር ግን ትንሽ አልነበረም።

ቁርኣን የቀራ ሰው የመንገዱን ግማሽ ሄዷል። ችግሩ ጋዜጣ ላይ ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ አለመኖሩ ነው። በማስተማር ዘመናችን ቁርኣን አቀላጥፈው የሚቀሩ ልጆች ያለ ሐረካ የተጻፈ አንድ መስመር ሲሰጣቸው ዝም ሲሉ አይተናል። ስለዚህ ሁሉንም ለማንበብ አትታገሉ፤ ጥቂት ቃላትን በመልካቸው ለዩ። «ጀዋዛት» ፓስፖርትና መኖሪያ ፈቃድ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነው። «ሙኻሊፊን» ሕግ የጣሱ፣ «ዋፊዲን» የውጭ ዜጎች፣ «ዒማላ መንዚሊያ» የቤት ሠራተኞች ናቸው። «ሙህላ» የእፎይታ ጊዜ፣ «ተምዲድ» ማራዘም፣ «ኢዕፋእ» ነፃ ማድረግ ነው። ከሁሉም በላይ «የንፊ» ወይም «ተንፊ» የሚለውን ያዙ፤ ያስተባብላል፣ ታስተባብላለች ማለት ነው። «ጀዋዛት» ከሚለው አጠገብ ይህ ቃል ካለ መሥሪያ ቤቱ ወሬውን ሐሰት ነው እያለ ነው። ይህችን አንዲት ቃል የዘለለ ሰው «ሙህላ» እና «ተምዲድ» የሚሉትን ብቻ አይቶ «ተራዝሟል!» ብሎ ለመቶ ሰው ያስተላልፋል። በሱረቱል ሑጁራት አጣሩ የተባልነው እኮ ለእንዲህ ያለው ነው።

ለመለማመድ አገር ቤት በዓረብኛ የሚታተመውን አል-ዓለም እንመክራለን። አዲስ ዘመንን የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት ነው የሚያወጣው። ወሬውን በአማርኛ ቀድማችሁ ስለሰማችሁት ዓረብኛው ሲመጣ ትርጉሙን መገመት አይከብድም። በሳምንት አንድ ዜና ብቻ፣ በእርሳስ እያሰመሩ ቢሆን እንኳ ከስድስት ወር በኋላ ልዩነቱ ይታያል ኢንሻአላህ።

የቀረው የቀን ጉዳይ ነው። ከላይ ያነሳናቸው ሁለቱ ምሕረቶች የተሰፈሩት በሂጅራ ነበር፤ አንዱ በዓመቱ ማብቂያ፣ ሌላው ከረጀብ መግቢያ እስከ ረመዳን መጨረሻ። የሂጅራ ዓመት ከእኛው በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ኢቃማው በሂጅራ ቀን የተጻፈለት ሰው «ገና ዓመት አልሞላኝም» ብሎ በመስከረምና በጥቅምት ሲቆጥር ጊዜው አልፎበት ሊያገኘው ይችላል። ጋዜጣው ላይ ቀን ስታዩ በመጀመሪያ ከጎኑ «ሀ» የምትመስል የዓረብኛ ሃእ እንዳለች ወይም ሚም እንዳለች አረጋግጡ፤ ሃእ ሂጅሪ፣ ሚም ሚላዲ ነው። ከዚያ ወደ እኛው መልሳችሁ ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ለቤተሰብ ስትደውሉም የእኛውን ቀን ንገሯቸው።