አይብና ፌታ በአንድ ማቀዝቀዣ

በበዓል ሰሞን ቤቴል አካባቢ በኮባ የተጠቀለለ አይብ ገዝቶ፣ ከሱፐርማርኬት በመጣ ፌታ ጎን ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያኖር ቤት አይጠፋም። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ፍርፍር ስለሆኑ «ፌታ ወር ከቆየ አይብስ ምን ይሆናል?» ይባላል። ይበላሻል!

ፌታን የሚያቆየው ጨው ነው። ግሪኮች ከበግ ወተት፣ አንዳንዴም እስከ 30 በመቶ የፍየል ወተት ቀላቅለው ይሠሩትና ቢያንስ ሁለት ወር ያበስሉታል፤ የሚቀመጠውም በጨው ውሃ ነው። ከውሃው አውጥተው በላስቲክ ከጠቀለሉት ዕድሜውን ያሳጥሩታል። አይብ ግን ጨው የለውም፤ 80 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። መከላከያው ኮምጣጣነቱ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሻጋታን አያቆምም። ስለዚህ በተከደነ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ በጥቂት ቀን መጨረስ ነው። መብራት ጠፍቶ ለሰዓታት ከሞቀ ግን ባይበላ ይሻላል።

«ካልሸተተ ደህና ነው» የሚለው አባባል ከሁሉም የበለጠ ያሳስበኛል። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ በማቀዝቀዣ ቅዝቃዜም ይራባል፤ ሽታም ጣዕምም ላይለውጥ ይችላል። ፅንስ ሊያስወርድ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብ ባትበላ ይመረጣል።

«እሳቱ ሲበረታ አይቡ ይበዛል» የሚሉም አሉ። አሬራው በ40 ዲግሪም ይሙቅ በ70፣ የሚገኘው አይብ ያን ያህል አይለያይም፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን የተቀቀለ ጣዕም ያመጣል። በሌላ በኩል 40 ዲግሪ ጀርም አይገድልም። ወተት የሚታከመው በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ስለሆነ፣ ቤት የሚሠራ ሰው ወተቱን ከማርጋቱ በፊት ቢያፈላው ጥሩ ነው።

አይብ ያወፍራል ብለው የሚሸሹትም ተሳስተዋል። ቅባቱ እርጎው ሲናጥ ከቅቤው ጋር ወጥቷል፤ አይቡ ውስጥ የሚቀረው 2 በመቶ ገደማ ነው፣ ፕሮቲኑ ደግሞ 15 በመቶ ይጠጋል።

ምግብ ላይ ሲመጣ፣ ሁለቱም ፒዛ ላይ እንደሚደረገው ሞዛሬላ ቀልጠው አይሳቡም። አይብ እሳት ላይ ከቆየ ውሃውን እየለቀቀ ይደርቃል። ስለዚህ ጎመኑ በቅቤና በኮረሪማ ከበሰለ በኋላ ድስቱን አውርዶ፣ ለብ ሲል አይቡን መጨመር ነው። በአይብ ፋንታ ፌታ የሚጨምር ሰው ጎመኑን ጨው አያድርግበት።