ዶሮዋ እንቁላል ያቆመችው ለምንድን ነው?

ደመወዝ በተቀበሉ ማግሥት ሁለት ወይም ሦስት ቄብ ገዝተው የሚመለሱ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ልጆቹ እንቁላል ያገኛሉ፣ የተረፈውም ለጎረቤት ይሸጣል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ገበያ ላይ «መጣል ጀምራለች» ተብላ የተሸጠችው ዶሮ ቤት ከገባች በኋላ ጭራሽ ልታቆም ትችላለች። «ሻጩ አታለለኝ» ብለው ቢላዋ ከማንሳትዎ በፊት፣ እስከ ቤትዎ ድረስ እንዴት እንደመጣች ያስቡ።

አብዛኛውን ጊዜ እግሯ ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ ነው የምትመጣው። ዶሮ እንደ ሰው ደረቷን ከሆድ ዕቃዋ የሚለይ ድያፍራም የላትም፤ ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ በአየር ከረጢቶቿ ላይ ስለሚጫን ትንፋሽ ያጥራታል። በዚህን ጊዜ ከኩላሊቶቿ አጠገብ ያሉት አድሬናል የተባሉ ዕጢዎች ኮርቲኮስቴሮን የሚባለውን ሆርሞን ወደ ደሟ ይለቃሉ። ሆርሞኑ በራሱ ጠላቷ አይደለም፤ አደጋ ሲመጣ ጉልበት እንድታገኝ ይረዳታል። ድንጋጤው ሲደጋገምና ሲረዝም ግን ሰውነቷ ጉልበቱን ነፍስ ለማቆየት ያውለዋል፤ እንቁላሉ ይቀራል፣ በሽታን የመከላከል አቅሟም ይደክማል።

ከነባሮቹ ዶሮዎች ጋር ስትቀላቀል ደግሞ ማን ከማን እንደሚበልጥ በመናከስና በመንቆር ይለያል። ይህንኑ የማዕረግ ተራ የኖርዌዩ ተወላጅ ቶርላይፍ ሼልደሩፕ ኤበ እ.ኤ.አ. በ1922 ጽፎበታል፤ ዶሮ ያረቡ እናቶች ግን ሳያነቡትም ያውቁታል። ስለዚህ መኖና ውሃ በአንድ ዕቃ ብቻ አይስጡ። ለደካማዋ ሌላ ዕቃ ራቅ አድርገው ያስቀምጡላት።

የቆርቆሮ ጣራ ሙቀትም ሌላው ጭንቀት ነው። ዶሮ አታልብም፤ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። አብዝታ ስታለከልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ስለሚያልቅ ቅርፊቱን የሚሠራው ካርቦኔት ያንሳል፤ እንቁላሉ ስስ ሆኖ በእጅዎ የሚሰበረው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ይበጃታል።

ታዲያ ሁሉም ዶሮ እኩል አይደነግጥም። ዘሩም አስተዳደጉም ይለያየዋል። በጫጩትነቷ ሰው በዝግታ እየቀረበ ያበላት ዶሮ ኮቴ በሰማች ቁጥር አትበረግግም፤ ስትባረር ያደገች ግን ጥላዎን አይታ ትሸሻለች። ልጆችዎ ዶሮ ማሯሯጥን ጨዋታ አድርገውት ከሆነ፣ ማባረሩን ትተው በየቀኑ በአንድ ሰዓት እህል የሚበትኑ እነሱ ይሁኑ።

ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ መኖም እምቢ ካለች ግን ነገሩ ድንጋጤ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ከሌሎቹ ለይተው ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ።