ሊንክስ፦ ከናይሮቢ ደጋ እስከ ባሕር ዳርቻ

ስፔናዊው የጎልፍ ተጫዋች ሴቬ ባየስቴሮስ በ1978 እአአ ናይሮቢ ውስጥ የኬንያ ኦፕንን አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በእንግሊዙ ሮያል ሊተም የ'ዘ ኦፕን'ን ዋንጫ አነሳ። ሁለቱ ድሎች የተለያየ ጥበብ ይጠይቃሉ።

የናይሮቢው ሙታይጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ በስስ አየሩ ኳስ ርቃ ትበራለች።

'ሊንክስ' ግን በባሕርና በእርሻ መሬት መካከል ያለ አሸዋማ ሜዳ ነው። ዛፍ እምብዛም ስለሌለው ነፋሱን የሚገታ የለም፤ ከፍ ብላ የበረረች ኳስ መንገዷን ትስታለች። ስለዚህ ተጫዋቾች ዝቅ አድርገው መትተው በጠንካራው መሬት ላይ ያንከባልሏታል።

በ1860 በስኮትላንዷ ፕሬስትዊክ የተጀመረው ዘ ኦፕን ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንጋፋው ሲሆን፣ ሁልጊዜ በሊንክስ ሜዳ የሚካሄደውም እርሱ ብቻ ነው። ባየስቴሮስ በ1984 እና በ1988 ዋንጫውን ደግሞታል።