ናሙናው ከየትኛው ሰፈር ይነሣ?

አንድ ከተማ ምን እንደሚጥል ለማወቅ ቆሻሻውን ሁሉ መበርበር አይቻልም። ጥቂት ሰፈሮች ይመረጣሉ፤ ከየሰፈሩ ጥቂት ቤቶች፣ ከየቤቱም የጥቂት ቀናት ጥራጊ። ተለይቶ ሲመዘን የሚገኘው ቁጥር ከዚያ በኋላ የመላው ከተማ ቁጥር ሆኖ ይኖራል፤ መኪና ይገዛበታል፣ ፋብሪካ ይተከልበታል። እኔን ከሚዛኑ ይልቅ የሰፈር መረጣው ያሳስበኛል።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ራትጂ የሚባል የአርኪዮሎጂ ባለሙያ የቱሶን ከተማን ቆሻሻ ማጥናት ሲጀምር፣ አካባቢዎቹን የመረጠው በሕዝብ ቆጠራ ክልሎች መሠረት ነበር። የእያንዳንዱ ክልል ነዋሪ ገቢና የቤተሰብ ብዛት በቆጠራው ስለሚታወቅ፣ የተጣለውን ነገር ከጣለው ኅብረተሰብ ኑሮ ጋር ማስተያየት ተቻለ። ሰዎች ይህን ያህል እንጠጣለን ብለው የተናገሩትና ከጥራጊያቸው የወጣው ጠርሙስና ጣሳ አለመገጣጠሙም በዚሁ ተጋለጠ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሰፊው የተለመደው የአሜሪካ መለኪያ ደግሞ ወደ መኪናው ዞረ፦ ከደረሰው ጭነት ከ91 እስከ 136 ኪሎ ግራም የሚመዝን ናሙና ወስዶ መለየት። ሥራው ይቀላል፤ ነገር ግን መኪናው በመንገዱ የበርካታ ሰፈሮችን ጥራጊ ስለሚያደባልቅ ማን ምን እንደጣለ መለየት ያስቸግራል።

ለእኛ ከተሞች የሚቀርበው የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም፣ ዩኤን ሀቢታት፣ በቅርብ ዓመታት ያወጣው መመሪያ ነው። 9 ሰፈሮች ይመረጣሉ፤ 3 ከፍተኛ፣ 3 መካከለኛ፣ 3 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው። ከየሰፈሩ 10 ቤት፣ በድምሩ 90። ቆሻሻው ለ8 ቀናት ይሰበሰባል፤ የመጀመሪያው ቀን ግን ከዚያ በፊት የተጠራቀመውን ስለሚጨምር ይጣላል፣ የቀሩት 7 ቀናት ሙሉ ሳምንት ይሆናሉ። አቅም የሌለው ማዘጋጃ ቤት እንኳ ሊሠራው የሚችል በመሆኑ አደንቀዋለሁ።

አዲስ አበባ ላይ ግን ይህ የገቢ ክፍፍል ያስቸግራል። በዚህች ከተማ የቪላው አጥርና የቀበሌ ቤቱ ግድግዳ ለዘመናት ተደጋግፈው ኖረዋል። አንድን ወረዳ "ዝቅተኛ ገቢ" ብሎ መመዝገብ ለቅጹ ይመቻል፣ ነገር ግን በውስጡ ያሉትን ሁለት ዓይነት ጥራጊዎች አማካይ ውስጥ ይሰውራል። በዚያ ላይ በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የኮንዶሚኒየም ግንባታና የመልሶ ማልማት ሥራ ሰፈሮቹን እያነሣ ወደ ዳር ወስዷል። ትናንት ናሙና የተወሰደበት መንደር ዛሬ ፎቅ ነው፤ ነዋሪው ሌላ ቦታ ነው።

ለረጅም ዓመታት ስለ አዲስ አበባ ቆሻሻ በተጻፉ ጽሑፎች ሲደጋገም የኖረ አንድ ዝርዝር፣ ከክብደቱ 65 በመቶ ያህሉ ደቃቅ ነገር እንደሆነ ይናገራል። ደቃቁ በአመዛኙ አመድና አፈር ቢሆን አይገርመኝም፤ በከሰልና በማገዶ የሚያበስል፣ ግቢውን በየጠዋቱ የሚጠርግ ቤተሰብ የሚጥለው ይህን ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚያበስል ቤተሰብ አመድም የግቢ አፈርም የለውም፤ የሚጥለው የምግብ ትርፍራፊ፣ ፌስታልና ካርቶን ነው። ስለዚህ ሰፈር ሲመረጥ ከገቢው እኩል የቤቱ ዓይነትና የማብሰያው ኃይል ቢጠየቅ፣ ቁጥሩ ከኑሮው ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። የክፍለ ከተማ ወሰን ለአስተዳደር ነው የተሰመረው፤ ለጥናት ድንበር ሊሆን አይገባውም።

ናሙናው የሚነሣበት ነጥብም መታወቅ አለበት። ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውንና ብረቱን ቆራሌው ከደጃፍ ይወስደዋል። የተረፈው በማኅበር የተደራጁት የቤት ለቤት ሰብሳቢዎች ዘንድ፣ ከዚያም ገንዳው አጠገብ እንደገና ይለቀማል። የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ሲደርስ ደግሞ ኑሯቸውን እዚያው የመሠረቱ ሰዎች ይጠብቁታል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ያየነው የእነዚህን ወገኖች ኑሮ ነው። ከቆሼ የተወሰደ ናሙና ከእነዚህ ሁሉ እጆች ያለፈውን ብቻ ያሳያል። እሱን አይቶ "አዲስ አበባ ብረት አትጥልም" ማለት የሰዎቹን ድካም መካድ ነው።

ወቅቱም እንዲሁ ነው። በነሐሴ የበቆሎ ቆረቆንዳና የክረምቱ እርጥበት ሚዛኑን ይጫኑታል። የፋሲካ ሳምንት ላባ፣ አጥንትና ፈርስ ይሞላበታል፤ በጾሙ ወራት ግን አጥንት እምብዛም አይገኝም። ጥር ላይ የተሠራ ጥናት የሐምሌን እርጥበት ሊነግረን አይችልም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀውና በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታቀደው የረጲ ኃይል ማመንጫ ዓይነት ፋብሪካ ደግሞ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው እርጥበቱን ነው፤ እርጥብ ቆሻሻ ከሚሰጠው ሙቀት ብዙውን ራሱን ለማድረቅ ይጨርሰዋልና።

በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የፌስታል ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ፌስታሉ በእርግጥ መቀነሱን የምናውቀው፣ ዛሬ የተመረጡት ሰፈሮች የቤታቸው ዓይነት፣ የማብሰያቸው ኃይልና የናሙናው ወር ተመዝግቦ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው ሰፈር፣ በዚያው ወር፣ ከደጃፍ እንደገና ከተመዘነ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ መዝገቡን የሚይዝና ሰፈሩ ሲፈርስ ምትኩን በተመሳሳይ መስፈርት የሚመርጥ ቋሚ ክፍል በከተማው ጽዳት አስተዳደር ውስጥ ይኑር።